ውኃው ከጎደለ በኋላ
የእግዚአብሔር ምሕረትና ቃል ኪዳን በኖኅ ዘመን

የጥናት ክፍል፦ ኦሪት ዘፍጥረት ከምዕራፍ 6፥5 እስከ ምዕራፍ 9፥29። ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት ክፍሉን በሙሉ ድምፅን ከፍ አድርጎ በጉባኤ ወይም በቡድን ማንበብ ይጠቅማል።



በሐዋሳ ከተማ በአሞራ ገደል፣ በሐይቁ ዳር የሚውል ሰው ውኃ እንጀራም ስጋትም መሆኑን ያውቃል። ማለዳ ጀልባዎቹ ቆሮሶውን፣ አምባዛውንና ቢልጫውን ይዘው ይመጣሉ። አጥማጁም፣ ዓሣውን የሚያጸዳው ወጣትም፣ ሾርባ የምትሸጠው እናትም የሚኖሩት ከዚያ ውኃ በሚገኘው ነው። ይሁን እንጂ ይህ ሐይቅ እንደ ጥቁር ውኃ ያለ ወንዝ የሚገባበት እንጂ በምድር ፊት የሚታይ መውጫ ወንዝ የሌለው ነው። ስለዚህ ዝናብ ሲበዛ ወለሉ ከፍ ይላል። በ1990 እና በ1991 ዓ.ም. በእጅጉ ከፍ ብሎ ዳርቻውን ሸፍኖ ነበር። ከተማውን ከውኃው ለመጠበቅም በሐይቁ ጠርዝ መከላከያ ግድብ ተሠርቷል።

በአገራችን ከዚህ የከፋም ደርሷል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ በድሬዳዋ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ። ጥቂት ቀናት ቆይቶ በነሐሴ የኦሞ ወንዝ በዳሰነች ምድር ከ300 በላይ ነፍስ አጠፋ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ ዝናብ ያረሰረሰው ተራራ ተንዶ ከ200 በላይ ሰዎችን ቀበረ።

እንዲህ ያለ ነገር በደረሰ ቁጥር በጉባኤዎቻችን አንድ ጥያቄ ይነሣል። አንዳንዱ በግልጽ፣ አንዳንዱ በሹክሹክታ፣ «እነዚህ ሰዎች ምን በድለው ይሆን?» ይላል። ሌላውም የኖኅን ታሪክ ጠቅሶ፣ «እግዚአብሔር ጥንትም በውኃ ቀጥቷል፤ ዛሬም እየቀጣ ነው» ብሎ ይደመድማል። ይህ አነጋገር ቀላል ነገር አይደለም። ልጅዋን ውኃ የወሰደባት እናት ከስንዴው ከረጢት ጋር ይህን ቃል ብትቀበል፣ የሰጠናት እንጀራ በአፍዋ መራራ ይሆናል። ስለዚህ ታሪኩን ረጋ ብለን እንደገና እንመልከት። መጽሐፉ በእርግጥ የሚያስተምረን ምንድር ነው?

1. ፍርዱ ከኀዘን የመጣ ነበር

በምዕራፍ 6፥5 እግዚአብሔር የሰውን ልብ ተመለከተ፤ አሳቡም ሁልጊዜ ክፉ መሆኑን አየ። በሚከተለው ቁጥር ደግሞ የእግዚአብሔር ልብ እንዳዘነ እናነባለን። ሁለት ልቦች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ክፉ የሚያስብ የሰው ልብና ያዘነ የአምላክ ልብ። ታሪኩ የሚጀምረው በቁጣ ሳይሆን በኀዘን ነው።

በጥንቷ ባቢሎን አትራሐሲስ በሚባለው የጥፋት ውኃ ትረካ፣ አማልክት ውኃውን የላኩት የሰዎች ጫጫታ እንቅልፍ ስለ ነሣቸው ነበር። የዘፍጥረት ምክንያት ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። ምድር በግፍ ተሞልታ ነበር (6፥11)። ግፍ ሲባል ኃይለኛው ደካማውን የሚያጠፋበት ሥራ ነው። በዚህ ክፍል የዕብራይስጡ ጽሑፍ ለምድር መበላሸትና ለእግዚአብሔር ማጥፋት አንድ ግሥ ይጠቀማል። ሰዎች ያበላሿትን ምድር እግዚአብሔር ወደ ጀመሩላት ፍጻሜ እንድትደርስ ተዋት ማለት ነው። እንግዲህ ግፍ ለተፈጸመባቸው ሰዎች ይህ ፍርድ ራሱ እግዚአብሔር ጩኸታቸውን እንደ ሰማ ያመለክታል።

2. ሞገስ ከጽድቅ ቀደመ

የቁጥሮቹን ቅደም ተከተል ልብ እንበል። ኖኅ በእግዚአብሔር ፊት ሞገስ ማግኘቱ በ6፥8 ተነገረ፤ ጻድቅና ፍጹም መባሉ ግን በ6፥9 ነው። መጽሐፉ መጀመሪያ ያነሣው የሰውየውን መልካምነት ሳይሆን የእግዚአብሔርን ቸርነት ነው። ኖኅ ታዘዘ፤ መርከቢቱንም ሠራ፤ ዕብራውያን 11፥7 እምነቱን ያመሰግናል። ነገር ግን መታዘዙ ለተሰጠው ሞገስ የተመለሰ መልስ እንጂ ሞገሱን የገዛበት ዋጋ አይደለም።

«ቃል ኪዳን» የሚለው ቃል በመጽሐፍ ቅዱስ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገኘው በዚሁ ምዕራፍ በ6፥18 ነው። በዚያን ጊዜ ገና አንዲት የዝናብ ጠብታ አልወረደችም። እግዚአብሔር የማዳን ቃሉን የሰጠው ጥፋቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። ሐዋርያው ጴጥሮስም መርከቢቱ በምትሠራበት ዘመን የእግዚአብሔር ትዕግሥት ይጠብቅ እንደ ነበር ይነግረናል (1ኛ ጴጥሮስ 3፥20)።

መርከቢቱም ራስዋ ታስተምራለች። ርዝመትዋ 300፣ ወርድዋ 50፣ ከፍታዋ 30 ክንድ ነበር። መሪና ሸራ እንደ ነበራት ግን አልተጻፈም። የዕብራይስጥ ስምዋ «ቴባ» ነው። ይህ ቃል በሌላ ታሪክ የሚገኘው በዘጸአት 2፥3 እና 2፥5 ብቻ ሲሆን፣ የሙሴ እናት ሕፃንዋን ደብቃ በወንዝ ዳር ያኖረችበት ሣጥን ነው። ሁለቱም እንዳያፈስሱ ተለቅልቀዋል፤ በሁለቱም ውስጥ ያለው ነፍስ ራሱን መምራት አይችልም። የመርከቢቱን ደጅ የዘጋው እንኳ እግዚአብሔር ነው (7፥16)። ኖኅ የመርከብ አዛዥ አልነበረም፤ በእጅ የተያዘ ሰው ነበር።

3. እግዚአብሔር አሰበ

የታሪኩ መካከለኛ ዓምድ 8፥1 ነው። እስከዚያ ድረስ ውኃው ይበረታ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ይጎድላል። በመካከል ያለው ቃል «አሰበ» የሚል ነው። እግዚአብሔር ኖኅን አሰበ፤ ከእርሱም ጋር የነበሩትን አራዊትና እንስሳት ሁሉ አሰበ።

ይህ ማለት ረስቶት የነበረውን ድንገት አስታወሰው ማለት አይደለም። በመጽሐፍ ቅዱስ የእግዚአብሔር ማሰብ ተነሥቶ መሥራት ነው። ራሔልን አሰበ፤ ልጅ ሰጣት (ዘፍጥረት 30፥22)። በግብፅ የእስራኤልን ጩኸት ሰምቶ ቃል ኪዳኑን አሰበ፤ ሙሴን ላከ (ዘጸአት 2፥24)። እዚህም ካሰበ በኋላ ነፋስ አሳለፈ፤ የቀላዩም ምንጮች ተዘጉ።

ሆኖም ማዳኑ በአንድ ቀን አልተፈጸመም። ዝናቡ የዘነበው 40 ቀን ነው። ኖኅ ወደ መርከቢቱ ከገባበት ቀን እስከ ወጣበት ድረስ ግን አንድ ዓመት ከአሥር ቀን ይቆጠራል (7፥11 ከ8፥14 ጋር ይነጻጸር)። መርከቢቱ በተራራ ላይ ካረፈች በኋላ እንኳ ወራት አለፉ። ቁራው ተላከ፤ ርግቢቱ ተላከች፤ ባዶዋንም ተመለሰች፤ ከሰባት ቀን በኋላ የወይራ ቅጠል ይዛ መጣች። በ601ኛው ዓመት በመጀመሪያው ወር ኖኅ ክዳኑን አንሥቶ የምድር ፊት እንደ ደረቀ አየ። ምድሪቱ ራስዋ የደረቀችው ግን በሁለተኛው ወር በ27ኛው ቀን ነው። በነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል ወደ ሁለት ወር የሚጠጋ ጊዜ አለ።

በተራድኦ ሥራ ላይ ያሉ ወገኖች ይህን ልዩነት በደንብ ያውቁታል። ውኃው ጎደለ፤ መንገዱ ተከፈተ፤ የምድር ፊት ደረቀ። ጋዜጠኛውም እንግዳውም ተመልሶ ሄደ። ማሳው ግን ገና በደለል ሥር ነው፤ በሬው የለም፤ ዘሩ የለም። እንሰትዋ የተነቀለባት የሲዳማ እናት አዲስ ብትተክል ቆጮ እስክታገኝ ዓመታት ትጠብቃለች። የምድር ፊት በደረቀ ጊዜ ሥራችን አለቀ የምንል ከሆነ፣ ኖኅን ክዳኑን ባነሣበት ቀን ባዶ እጁን ከመርከብ እንደ ማውጣት ነው።

4. ያልተለወጠው ልብ

አሁን ወደ ትምህርቱ ዋና ነጥብ ደርሰናል። 6፥5ንና 8፥21ን ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡ። በመጀመሪያው ቦታ የሰው ልብ አሳብ ክፉ ስለ ሆነ ፍርድ መጣ። በሁለተኛው ቦታ ግን እግዚአብሔር ዳግመኛ ምድርን ላለመርገም በልቡ ሲወስን፣ ከውሳኔው ጋር ያነሣው ነገር ያው ነው፤ የሰው ልብ አሳብ ከታናሽነቱ ጀምሮ ክፉ መሆኑ።

ይህ ያስደንቃል። «ሰዎች ከእንግዲህ ይሻሻላሉና እምራቸዋለሁ» አላለም። ውኃ ተራራውን ሸፈነ እንጂ ልብን አላጠበም። ኖኅ ራሱ ወይን ተክሎ፣ ጠጥቶ ሰክሮ፣ በድንኳኑ ራቁቱን ተገኘ (9፥20-21)። ከጥፋት የተረፈው ጻድቅ ቤት ውስጥ ነውርና እርግማን እንደገና ተጀመረ። ታዲያ ምን ተለወጠ? የሰው ጠባይ አልተለወጠም። ነገር ግን እግዚአብሔር ከዚህ ከክፉ ልባችን ጋር እስከ መጨረሻ በትዕግሥት ሊሠራ ራሱን በቃል አሰረ። ምሕረቱ የቆመው በእኛ መሻሻል ላይ ሳይሆን በእርሱ ታማኝነት ላይ ነው።

ከዚያም በ8፥22 የመጀመሪያው ስጦታ ተዘረዘረ፤ መዝራትና ማጨድ፣ ብርድና ሙቀት፣ በጋና ክረምት፣ ቀንና ሌሊት እንደማይቋረጡ። ለገበሬ ከዚህ የሚበልጥ የምሥራች የት ይገኛል?

5. ቃል ኪዳኑ ከማን ጋር ነው?

ከ9፥8 እስከ 9፥17 ባሉት አሥር ቁጥሮች ውስጥ «ቃል ኪዳን» የሚለው ቃል ሰባት ጊዜ ይገኛል። ተዋዋዮቹንም እንቁጠር፤ ኖኅና ልጆቹ፣ ከእነርሱ በኋላ የሚመጣው ዘር ሁሉ፣ ወፎች፣ እንስሳት፣ የምድር አራዊት፣ በመጨረሻም ምድር ራስዋ። ገና አብርሃም አልተጠራም፤ ሕግ አልተሰጠም። ስለዚህ ከዚህ ቃል ኪዳን ውጭ የሆነ ሕዝብ፣ ጎሣ ወይም ሃይማኖት በምድር ላይ የለም።

በእኛ ዘንድ ዕድር መልካም ነገር ነው። ኀዘን ሲደርስ ድንኳን ይተክላል፤ ለቀስተኛውን ይመግባል፤ ሬሳ ያስቀብራል። ነገር ግን ዕድር መዝገብ አለው፤ መዋጮውን ያልከፈለ ይቀጣል፤ ቆይቶም ይሰረዛል። ለሰው ማኅበር ይህ ተገቢ ሥርዓት ነው። እግዚአብሔር ከኖኅ ዘር ሁሉ ጋር የገባው ቃል ግን መዋጮ የለውም። ግዴታውን የገባው አንዱ ወገን ብቻ ነው፤ እርሱም እግዚአብሔር ነው። ወፍና አውሬማ ምን ሊያዋጡ ይችላሉ?

የአሞራ ገደልን ስም ያወጡ ሰዎች አሞራውን አልረሱትም። ዛሬም በዓሣው ገበያ አባ ኮዳ ቆሞ የዓሣውን ሆድ ዕቃ ይለቅማል፤ በዛፎቹም ላይ ጦጣና ጉሬዛ ይዘላሉ። አባ ኮዳን ውብ ነው የሚለው ሰው ጥቂት ነው፤ ሆኖም ቆሻሻውን ጠርጎ የሚያነሣው እርሱ ነው። ዘፍጥረት 9 እንደሚያስረዳን ይህ ወፍም፣ በሐይቁ ዙሪያ ያለው ሕያው ፍጥረትም ከቃል ኪዳኑ ተካፋዮች ይቆጠራሉ። እንግዲህ ሐይቅን መጠበቅ፣ ረግረጉን አለማጥፋት፣ ጫጩት ዓሣን ያለ ጊዜው አለማጥመድ ለአማኝ ተጨማሪ ሥራ ሳይሆን የቃል ኪዳኑ ጉዳይ ነው።

6. የተቀመጠው ቀስት

የአማርኛችን ስም «ቀስተ ደመና» ምሥጢሩን ጠብቆልናል። በዕብራይስጡም ቃሉ ለጦር መሣሪያ የሚያገለግለው ቀስት ነው። አያቶቻችን «የማርያም መቀነት» እያሉ ውበቱን አደነቁ፤ የመጽሐፉ ቃል ግን ስለ መሣሪያ ይናገራል። ተዋጊ ቀስቱን ሲሰቅል ጦርነቱ አብቅቷል ማለት ነው።

ምልክቱ ለማን እንደ ተሰጠ ደግሞ ተመልከቱ። እኛ ብዙ ጊዜ «እንድናስታውስ የተሰጠን ነው» እንላለን። በ9፥15-16 ግን ቀስቱን አይቶ የዘላለሙን ቃል ኪዳን የሚያስበው እግዚአብሔር ራሱ ነው። በ8፥1 ያሰበው አምላክ ለዘላለም ሊያስብ ቃል ገባ። እኛ ቀና ብለን ባናይ እንኳ፣ በጨለማና በዶፍ ውስጥ ሆነን ደመናው ቢጋርደንም፣ እርሱ ያያል።

7. ቃል ኪዳኑ ያለውና ያላለው

ቃል ኪዳኑ ከእንግዲህ ጎርፍ አይኖርም አላለም። ሥጋ ለባሽን ሁሉ የሚያጠፋ የጥፋት ውኃ ዳግመኛ አይሆንም አለ። ወንዝ ይሞላል፤ ሐይቅ ይነሣል፤ ተራራ ይናዳል። ነገር ግን ማንም ሰው ይህን አይቶ፣ «የኖኅ ዘመን ፍርድ በእነዚያ ላይ ተደገመ» ለማለት ሥልጣን የለውም፤ እግዚአብሔር ያንን መሣሪያ ሰቅሎታልና። በኢሳይያስ 54፥9-10 ይህን የኖኅን መሐላ አንሥቶ፣ ተራሮች ቢፈልሱ እንኳ ቸርነቱ እንደማይፈልስ ለተጨነቀው ሕዝቡ ያስታውቃል።

ጌታችን ኢየሱስም በሉቃስ 13፥1-5 ይህንኑ ጥያቄ መለሰ። የሰሊሆም ግንብ የወደቀባቸው 18 ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ በደለኞች አለመሆናቸውን ተናግሮ፣ ሰሚዎቹን ሁሉ ወደ ንስሐ ጠራ። በጎፋ የሆነውን እናስብ። መጀመሪያ የተቀበሩትን ለማውጣት ጎረቤቶች ሮጠው በመጡበት ሰዓት ሌላ ናዳ ወርዶ ከእነርሱ ብዙዎቹን ቀበረ። ወገኑን ለማዳን እጁን ጭቃ ውስጥ ያስገባን ሰው፣ በኃጢአቱ ሞተ ሊል የሚደፍር ማን ነው? ያ ሰው በሞተበት ሰዓት የምሕረትን ሥራ ይሠራ ነበር።

ይህ ማለት ግን የሰው እጅ የለበትም ማለት አይደለም። ዳገቱ ዛፉን ሲያጣ አፈሩ ይወርዳል፤ ውኃም ከመስረግ ይልቅ ይሮጣል። ከሐዋሳ በስተምሥራቅ ያለው ጨለለቃ ቀድሞ ሐይቅ ነበር፤ ከላይ በሚወርደው ደለል እየተሞላ ረግረግ ሆኗል። ድሃ በደረቅ ወንዝ መሄጃ ላይ ቤት የሚሠራው ሌላ ቦታ ስላጣ ነው። በምዕራፍ 9፥5 እግዚአብሔር የሰውን ነፍስ ከሰው እጅ እንደሚፈልግ ተጽፏል። ስለዚህ ከጎርፍ በኋላ የሚገባው ጥያቄ «እነርሱ ምን በደሉ?» ሳይሆን «እኛ ምን ሳንሠራ ቀረን?» የሚለው ነው።

8. ለጉባኤና ለፕሮጀክት ሠራተኞች

ከተማርነው ሦስት ነገሮችን እንያዝ።

አንደኛ፣ ዕርዳታ ተረጂው የተገባው ሆኖ ስለ ተገኘ የሚሰጥ አይደለም። ሞገስ ከጽድቅ ቀድሟል። በመዝገብ ላይ ስም ስንጽፍ የችግሩን መጠን እንመዝን እንጂ የሰውየውን ሃይማኖት፣ ጎሣ ወይም ጠባይ አንመዝን።

ሁለተኛ፣ ማሰብ መሥራት ነው። በጸሎት ጊዜ የጎርፍ ተጎጂዎችን ስም ጠርተን በሥራ ካልደረስንላቸው፣ እንደ መጽሐፉ አነጋገር ገና አላሰብናቸውም። የመጀመሪያው ሳምንት ብርድ ልብስና ድንኳን ይፈልጋል፤ የዘር ወራት ሲደርስ ዘርና መቆፈሪያ፤ በዓመቱም ሄዶ የሚጠይቅ ሰው። ጉባኤ እነዚህን ቀኖች አስቀድሞ በቀን መቁጠሪያው ላይ ሊጽፋቸው ይገባል።

ሦስተኛ፣ እምነት መርከብ ይሠራል። ኖኅ የእግዚአብሔርን ምሕረት ያመነው እንጨት እየጠረበ ነው። ዳገት ላይ እርከን መሥራት፣ ችግኝ መትከል፣ የውኃ መውረጃ ቦይ ክረምት ሳይገባ መጥረግ፣ በወንዝ ዳር ላሉ ጎረቤቶች በጊዜ ማስጠንቀቅ የእምነት ማነስ አይደሉም።

በመጨረሻም፣ ውኃ ያላጠበው ልብ እስከ ዛሬ በእኛም ውስጥ አለ። ጌታ ኢየሱስ በመጨረሻው እራት ጽዋውን አንሥቶ ስለ ቃል ኪዳን ደም የተናገረው ለዚህ ነው (ማቴዎስ 26፥28)። በኖኅ ዘመን እግዚአብሔር ከክፉ ልባችን ጋር ሊታገሥ ቃል ገባ፤ በክርስቶስ ግን ያን ልብ ሊያነጻ ራሱን ሰጠ። ይህን ምሕረት የተቀበለ ሰው ከደጁ የቆመውን ጎርፍ ያፈናቀለውን ወንድሙን ምን ብሎ ሊመልሰው ይችላል?

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. 6፥5ን እና 8፥21ን አነጻጽሩ። የሰው ልብ ካልተለወጠ እግዚአብሔር ስለ ምን ዳግመኛ ላለማጥፋት ወሰነ?
2. በአካባቢያችሁ ጎርፍ፣ ድርቅ ወይም በሽታ በደረሰ ጊዜ ሰዎች ስለ ተጎዱት ምን ሲሉ ሰምታችኋል? ከሉቃስ 13፥1-5 አንጻር ምን ትመልሱላቸዋላችሁ?
3. የምድር ፊት በደረቀበትና ምድሪቱ በደረቀችበት ቀን መካከል ያለውን ጊዜ አስቡ። ጉባኤያችሁ ረድቶ የተዋቸው፣ ዛሬ ግን እንዴት እንዳሉ የማታውቁት ቤተ ሰቦች አሉን?
4. ቃል ኪዳኑ እንስሳትንና ምድርን ማካተቱ በሐይቃችሁ፣ በወንዛችሁ ወይም በዳገታችሁ ላይ ምን እንድትሠሩ ያስገድዳችኋል? ከሚመጣው ክረምት በፊት ሊፈጸም የሚችል አንድ ሥራ ምረጡ፤ ኃላፊም ሰይሙለት።

ጸሎት

ኖኅን በውኃ መካከል ያሰብህ አምላክ ሆይ፣ ዛሬ ቤታቸው በውኃና በጭቃ የጠፋባቸውን አስብ። ለሚያለቅሱት መጽናናትን፣ ለገበሬው ዘርን፣ ለሠራተኞችህ ትዕግሥትን ስጥ። በወገናችን ላይ ከመፍረድ አንደበታችንን ጠብቅ፤ ለምሕረትም እጃችንን ክፈት። ቃል ኪዳንህን የምትጠብቅ አንተ ነህና፣ በልጅህ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፤ አሜን።